«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም»፦ አነጋገሩና የፊልም ወሬያችን

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይላሉ አበው። ሰው መናገር የማይገባውን ሲናገር ለራሱ አይታወቀውም፤ ፀጉሩ እየሳሳ ሄዶ መላጣ ሲሆንም እንደዚያው። ምሥጢር ሲወጣ፣ የቤት ጉዳይ እንግዳ ፊት ሲነሳ፣ ለታላቅ ሰው የማይባል ቃል ሲባል ይጠቀሳል። እኔ ግን ሀዋሳ ውስጥ ይህን አነጋገር አዘውትሬ የማስታውሰው ፊልም አይተው የወጡ ሰዎች ሲያወሩ ስሰማ ነው። የፊልም መጨረሻ የሚበላሽብን በክፉ ሰው አይደለም። ፊልሙን በወደደ፣ ደስታውን ለማካፈል በቸኮለ ሰው ነው፤ እሱም ማበላሸቱን አያውቅም።

እንደ አብዛኞቹ ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችን የዚህም ባለቤት ሕዝቡ ነው። አገጣጠሙን ስናይ ግን ለምን ከትውልድ ትውልድ እንደተሻገረ ይገባናል። «ማምለጥ» እና «መመለጥ» ሁለቱም መ፣ ለ እና ጠን ይዘዋል፤ አንዱን የሰማ ጆሮ ሌላውን ሳይጠብቅ ይቀበለዋል። ቤት ስለሚመታ አንዴ የሰማው ልጅ አይረሳውም። የድምፁ መመሳሰል ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን እዚህ ባልደረሰ። መላጣነት ከአናት ሊጀምር ይችላል፤ አናትን ደግሞ ባለቤቱ አያየውም። መስታወት ፊት ቢቆም የሚታየው ግንባሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም ስብሰባ ላይ ከኋላው የተቀመጠው ሰው ግን ከማንም ቀድሞ ያየዋል። ባመለጠ አፍም ጉዳዩ ይኸው ነው፦ ተናጋሪው ምንም አልተሰማውም፣ ጉዳቱ የታወቀው ለሰሚው ነው።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው የዚህ ዘመድ ነው፤ ብዙ ሰውም አንዱን በሌላው ቦታ ይጠቀምበታል። እኔ ለያይቶ መያዙን እመርጣለሁ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚናገረው ቃሉ ከወጣ በኋላ ስለሚሆነው ነው፤ ሩቅ ይሰማል፣ አይመለስም። የኛው አነጋገር የሚያተኩረው ቃሉ በሚወጣበት ቅጽበት ላይ ነው።

ይህን ቅጽበት በቅርብ ያየሁት ከፒያሳ ወደ አቶቴ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ያዩትን ፊልም ያነሳሉ ይጥላሉ፤ ከጎናቸው አንዲት ልጅ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«እኔ እኮ ደብዳቤውን እናትየዋ ትደብቀዋለች ብዬ በፍጹም አልጠረጠርኩም!» አለ አንደኛው።

«ኧረ እባካችሁ!» አለች ልጅቷ ወደ እነሱ ዞራ። «ነገ ከእህቴ ጋር ልናየው ትኬት ቆርጠናል።»

ልጁ ከልቡ ደነገጠ። «ይቅርታ እህቴ፣ አላየሁሽም» አለ። አላየሁሽም ማለቱ እውነት ነበር፤ እጁ ሊነካት እስኪደርስ አጠገቧ ሆኖ አላያትም። የተናገረው ለጓደኛው ነበር፣ ጓደኛው ደግሞ አብሮት አይቶታል። ፊልሙ የተበላሸው በወሬው ውስጥ በሌለች ሰው ላይ ነው። ባጃጅ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ በፍቅር ሐይቅ ዳር ሰው ተጠጋግቶ በሚሄድበት መንገድ ላይ ይህ በየዕለቱ ይሆናል።

ይህኛው ግልጽ ነው። የሚያሳስበኝ ተናጋሪው «ምንም አልነገርኩህም» ብሎ የሚምልበት ነው። «መጨረሻውን ብቻ ጠብቂ፣ ሌላ አልልሽም» የተባለች ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወጥመዱን ስትፈልግ ትቆያለች። «ያንን ሰውዬ እንዳታምነው» ከተባለ በኋላ ሰውዬው በገባ ቁጥር እጁንና ዓይኑን ማየት ነው። «መሀረብ ይዘሽ ግቢ» ማለት አንድ ሰው ይሞታል ማለት ነው፤ ዋናው ተዋናይ ሆስፒታል ሲገባ የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ይጨርሰዋል። በኛ ፊልሞች የፍቅረኞቹ የሥጋ ዝምድና፣ የጠፋው ልጅ ማንነት፣ የተደበቀው ደብዳቤ ደጋግመው ስለሚመጡ ትንሽ ፍንጭ እንኳ ብዙ ትናገራለች። ሰሚው ሲገምት ፈገግ ማለትም መናገር ነው። የእግር ኳስ ተመልካች ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ጨዋታ አምልጦት ድጋሚውን ለማየት ወደ ቤቱ የሚሮጥ ሰው ከውጤቱ ይልቅ የጓደኛውን ፊት ይፈራል።

ስለዚህ ዝም እንበል? በፍጹም። በትልልቅ ማስታወቂያ የማይታገዝ ፊልም የሚኖረው አንዱ ለሌላው «ሂድ እየው» ስላለ ነው። ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ የተመረቀ ፊልም ሀዋሳ እስኪደርስ ወሬው ቀድሞት ይገባል፤ ያ ወሬ ፊልሙን ሊያስወድደውም ሊያስጠላውም ይችላል። ስለ ትወናው፣ ስለ ቀረጻው፣ ድምፁ ይሰማ እንደሆነ፣ መሀል ላይ ይጎተት እንደሆነ፣ ቀልዱ ከልብ ያስቅ እንደሆነ፣ ከልጆች ጋር ለማየት ይሆን እንደሆነ ማውራት ይቻላል። «አልወደድኩትም፣ ምክንያቱም ዋናዋ ተዋናይት ስታለቅስ አላመንኳትም» የሚል ሰው ጥሩ አስተያየት ሰጥቷል፤ ለምን እንዳለቀሰች ግን አልተናገረም።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያወጣ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም ወደ አዳራሹ እንዳይገባ አስደርጎ፣ ያዩትም መጨረሻውን ለሌላ እንዳይናገሩ ጠይቋል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች የነበሩት ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ 12 አጫጭር ታሪኮችን ለተማሪዎች አስነብበው፣ መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው በአማካይ ታሪኮቹን ይበልጥ እንደወደዷቸው አሳተሙ። ይህን ጥናት እየጠቀሱ «እንዲያውም ጠቀምኩህ» የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበላቸውም። መጨረሻውን አውቆ ማየት የራሱ ጣዕም አለው፤ ተረትንም እኮ ልጅ ሆነን «ድገሙልን» እያልን ሰምተናል። ግን ያ ጣዕም በሁለተኛው ጊዜም ይገኛል። መጀመሪያ ማየት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱን የወሰደ ሰው ሊመልሰው አይችልም። ቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ ካለ ራሱ ይጠይቅ።

ይህን ሥርዓት ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ።» ጠያቂው መልሱን ያውቃል፣ ግን አይናገርም። ሌላው ይገምታል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይገምታል። ሲያቅተው «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፤ «ሀዋሳን ሰጠሁህ» ይላል። ጠያቂውም «ሀዋሳ ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ በሀገሩ ከተንደላቀቀና ተሸናፊውን በስድብ ከሸነቆጠ በኋላ ነው መልሱ የሚወጣው። ያወቀ ሰው አፉን ይዞ ይቆያል፣ ያላወቀው ፈልጎ ሲጠይቅና ሀገር ሲሰጥ ብቻ ይነገረዋል። ስለ ፊልም ስናወራ የሚጎድለን ይህች ትዕግሥት ናት። «አይተኸዋል?» ብሎ መጠየቅ፣ ካላየ «እስከ ምን ድረስ ልንገርህ?» ማለት፣ አጠገብ ማን እንደተቀመጠ ዞር ብሎ ማየት፤ ከዚህ በላይ አይጠይቅም።

አነጋገሩን እንደ ማምለጫ የሚጠቀሙበት ሰዎች አሉ፤ ከተናገሩ በኋላ «ምን ላድርግ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም» ይላሉ። የአበው ሐሳብ ይህ አይመስለኝም። አይታወቅም የተባለው ስለማይታወቅ ቀድመህ ጠብቅ ለማለት ነው። አምልጦ ከሆነ «ይቅርታ» ብሎ ወሬውን እዚያው ማቆም ይሻላል፤ ብዙ ሰው «ማለቴ እንደዚያ እንኳ አይደለም» እያለ ሊያስተካክል ሲሞክር የቀረውንም ይነግራል።

እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው የሚለው ያከራክራል። የኔ አቋም ፊልሙ ሀዋሳ አዳራሽ ውስጥ እየታየ እስካለ ድረስ መጨረሻው አይነሳም የሚል ነው። ዩቲዩብ ላይ ከወጣም በኋላ ትኬት ለመቁረጥ አቅም ያነሳቸው፣ በሥራ ምክንያት ያልቻሉ ሰዎች ያኔ ነው የሚያዩት፤ ለእነሱም አንድ ሁለት ሳምንት ቢታሰብ ጥሩ ነው። ከዚያ ወዲያ እናትየዋ ደብዳቤውን ለምን ደበቀችው፣ ትክክል ነበረች ወይስ አልነበረችም እያልን ሐይቁ ዳር ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንከራከር።