«በባማ እጅግ ተሞልቼ ነው መሰለኝ»፦ የአንድ አባባል ትርጉምና አመጣጥ

በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በተለይም በአላባማ ግዛት፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ እግር ኳስ ሲወራ ዛሬም ድረስ የሚታወስ አንድ አጭር አባባል አለ። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «በባማ እጅግ ተሞልቼ ነው መሰለኝ» የሚል ነው። «ባማ» የአላባማ የቁልምጫ ስም ሲሆን የግዛቲቱም የዩኒቨርሲቲዋ ቡድንም መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። አባባሉ ለቡድኑ ያለው ፍቅር ከልኩ አልፎ፣ ማድረግ የማይገባውን እንዲያደርግ ያስገደደውን ሰው ሁኔታ ይገልጻል። ተናጋሪው ቶሚ ሉዊስ የተባለ የአላባማ ተጫዋች ነው፤ ቃሉን የተናገረውም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1954፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ በተካሄደው የኮተን ቦውል ግጥሚያ ምክንያት ነው።

«ቦውል» የሚባሉት የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የዓመቱን ውድድር ከጨረሱ በኋላ በግብዣ የሚገናኙባቸው፣ በዘመኑ አብዛኞቹ ታላላቆቹ በአዲስ ዓመት ዕለት የሚደረጉ ጨዋታዎች ናቸው። ስሙ የመጣው በካሊፎርኒያ ፓሳዴና ከሚገኘው ጎድጓዳ ሳሕን ከሚመስለው ስታዲየም ሲሆን፣ ሌሎቹ ከተሞች በየአካባቢያቸው ምርት እየሰየሙ ተከትለውታል። የዳላሱ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲካሄድ የቆየ ሲሆን በቴክሳስ ጥጥ ተሰየመ። በ1954ቱ ግጥሚያ የተገናኙት የሂውስተኑ ራይስ ዩኒቨርሲቲና የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ነበሩ።

አባባሉን ለመረዳት የዚያን ዘመን አጨዋወት ማወቅ ይጠቅማል። የአሜሪካ እግር ኳስ እንደ እኛው እግር ኳስ በእግር የሚገፋ ሳይሆን ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ወይም የሚወረወርበት ጨዋታ ነው፤ ከእያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ተከላካዮቹ ይዘው መሬት ላይ መጣል አለባቸው። ኳሱን ይዞ የባላጋራውን የግብ መስመር ያለፈ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያም በምት አንድ ነጥብ ሊጨምር ይችላል። ዛሬ አጥቂውና ተከላካዩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በ1953 ግን ተጫዋች መቀያየርን በእጅጉ የሚገድብ ደንብ ወጥቶ ስለነበር አንድ ሰው ሲያጠቃም ሲከላከልም ይውል ነበር። ሉዊስ ኳስ ተሸክሞ የሚሮጥ አጥቂ ቢሆንም፣ ባላጋራን አሳድዶ መጣልም የዘወትር ሥራው ነበር ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት ሰውነቱ ምን እንደለመደ ሳያስታውሱ አባባሉን መፍታት አይቻልም ብዬ አምናለሁ።

በዕለቱ የመጀመሪያውን ነጥብ ያስቆጠረው ራሱ ሉዊስ ነበር፤ አላባማም 6 ለ 0 መራ። ከዚያ በኋላ ግን ሜዳው የአንድ ሰው ሆነ። የራይሱ ዲኪ ሜግል 79 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ፤ ውጤቱም 7 ለ 6 ሆነ። በሁለተኛው ሩብ ሰዓት ራይስ ኳሱን ያገኘው ከራሱ የግብ መስመር 5 ያርድ ብቻ ርቆ ነበር፤ ከፊቱ 95 ያርድ፣ ማለትም 87 ሜትር ገደማ ይቀረው ነበር። ሜግል ኳሱን ተቀብሎ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ተከላካዮቹን አንድ በአንድ አለፈ፣ የሜዳውን ዳር ይዞም ብቻውን ይገሰግስ ጀመር። ያ የሜዳ ዳር የአላባማ ተቀያሪዎች የተቀመጡበት ነበር።

ሉዊስ በዚያ ሰዓት ከሜዳ ወጥቶ፣ የራስ ቁሩን አውልቆ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። ሜግል ወደ እሱ ሲቃረብ ከመቀመጫው ተነሣ። የአላባማ ሜዳ 40 ያርድ መስመር አካባቢ ሲደርስም፣ ባዶ ራሱን ወደ ሜዳው ዘልሎ ገብቶ ሯጩን መትቶ ጣለው። ወዲያውም ተነሥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ተቀመጠም፤ ፊቱንም ሸፈነ። ሜግል ከጊዜ በኋላ ሲናገር ሰውየውን በዓይኑ ጫፍ አይቶ ጥቂት ዘንበል ማለቱ ከከባድ ጉዳት እንዳዳነው ገልጿል።

ዳኛው ክሊፍ ሾው ምን እንደተፈጸመ አይተው ነበርና ኳሱን ሜግል ከወደቀበት ቦታ አላስጀመሩም። ያለምንም ጥርጥር ይገባ የነበረውን ነጥብ ሰጡት፤ 95 ያርዱን እስከ መጨረሻው እንደሮጠ ተቆጠረለት። ይህ ውሳኔ በጊዜው ለተመልካቹ እንግዳ ቢሆንም፣ ከተፈቀደው ሰው ውጭ የሆነ ተጫዋች ገብቶ ግልጽ በደል ሲፈጽም ዳኛው በራሱ ፍርድ ነጥብ እንዲሰጥ ደንቡ ይፈቅድ ነበር። ራይስ ጨዋታውን 28 ለ 6 አሸነፈ።

ሉዊስ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ነው አባባል ሆኖ የቀረው። የሚያስረዳበት ምክንያት አልነበረውም። ዳኛን አልወቀሰም፣ ሯጩን አልወቀሰም፣ ሌላ ሰው ገፋፋኝ አላለም። ያለው በባማ እጅግ የተሞላ እንደሚመስለው ብቻ ነበር።

ትርጉሙ የሚያርፈው በሦስት ቃላት ላይ ነው፤ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስቸግሩትም እነዚሁ ናቸው። የመጀመሪያው «ተሞላሁ» የሚለው ነው። በአማርኛ «ልቤ ሞላ» ብንል መተማመንን ስለሚያመለክት፣ «ልበ ሙሉ» የሚለውም ደፋርንና የማይጠራጠርን ሰው ስለሚያስታውስ፣ ሁለቱም ከሉዊስ ሁኔታ ይርቃሉ። «ጠገብኩ» ማለት ደግሞ ይባስ ወደ ትዕቢት ይወስደናል፤ በእኛ ዘንድ የጠገበ ሰው ወሰን የሚያልፈው በንቀት ነውና። ሉዊስ ግን ማንንም አልናቀም። የእሱ መሞላት እሳት ላይ እንደተጣደ ማሰሮ ነው፤ ያለው ሁሉ ገንፍሎ በከንፈሩ ይወጣል፤ ማሰሮው «ልገንፍል» ብሎ አይወስንም። ለዚህ ስሜት አማርኛ ያለው ቃል «አላስቻለኝም» ነው፤ ሰው ራሱን አደረግሁ ሳይል አንዳች ነገር በላዩ እንደሠራ የሚናገርበት ግሥ ነው። «ባማ አላስችል አለኝ» ብሎ መተርጎም ከቃል በቃል ትርጉሙ ይልቅ ለሐሳቡ ይቀርባል።

ሁለተኛው «እጅግ» ወይም «ከልክ በላይ» የሚለው ነው። ብዙዎች አባባሉን ሲጠቅሱ ይህን ቃል ያሳንሱታል። ሰውየው በባማ ተሞልቻለሁ ብሎ ቢያበቃ ኖሮ የኩራት ንግግር ይሆን ነበር። ከልክ በላይ ሲል ግን ልክ መኖሩን፣ ያን ልክ ማለፉንም አብሮ መናገሩ ነው። ፍቅሩን አልካደም፤ ጥፋቱንም አልሸሸገም፤ ሁለቱን በአንድ ቃል አሰረ። ስለዚህ ደጋፊዎች አባባሉን እንደ ፉከራ ሲይዙት ግማሹን ትርጉም የጣሉት ይመስለኛል።

ሦስተኛው «መሰለኝ» የሚለው ነው። ሉዊስ በርግጠኝነት አልተናገረም። ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ ተቀምጦ «አላደረግሁትም» እያለ ለራሱ ይደጋግም እንደነበር፣ ማድረጉን ግን ያውቅ እንደነበር ተናግሯል። እንዲህ ያለ ሰው የራሱን እግር ያስነሣውን ነገር ከውጭ ሆኖ እንደሚያይ ሰው ይገምታል እንጂ አያስረዳም። «መሰለኝ» የምትለው ቃል የጨዋነት ማለስለሻ ሳትሆን እውነተኛ ግራ መጋባትን የያዘች ናት፤ በትርጉም ጊዜ ልትዘለል አይገባም።

ስለ ችኮላ ያሉን ምሳሌዎች፣ ለምሳሌ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ወይም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት፣ ለዚህ ጉዳይ የሚስማሙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይገጥሙትም። እነዚያ የሚናገሩት ሊያገኘው የሚፈልገው ነገር ስላለው ሰው፣ ሥራውን ባለማሰናዳቱ ስለጎደለበት ሰው ነው። ሉዊስ ያቀደው ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ የተበላሸ ዕቅድ የለውም።

አባባሉ በበጎ መንፈስ እንዲኖር ያደረገው ሉዊስ ከዚያ በኋላ የሠራው ነው። በዕረፍት ሰዓት ወደ ራይስ ተጫዋቾች ክፍል ሄዶ ሜግልንና አሠልጣኙን ጄስ ኒሊን ይቅርታ ጠየቀ። ጨዋታው ገና አላለቀም፤ ሁለቱ ወገኖች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሰው ይጋጠማሉ፤ እሱ ግን ባላጋራዎቹ በተሰበሰቡበት ክፍል ገብቶ ጥፋቱን አመነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኤድ ሰሊቫን ሁለቱን ወጣቶች ወደ ታዋቂው የቴሌቪዥን ዝግጅቱ ጋበዛቸው፤ በመላ አገሪቱም ታዩ። አንድ ጥፋተኛና አንድ ተበዳይ እንዲህ ጎን ለጎን ባይታዩ ኖሮ፣ ቃሉ የመሳለቂያ ቃል ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

የሜግልም ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም፤ እንዲያውም አባባሉ ዝነኛ በሆነ መጠን የእሱ የዕለቱ ሥራ መሸፈኑ ያሳዝነኛል። በዚያ ቀን በ11 ሩጫ ብቻ 265 ያርድ ሸፈነ፤ ሦስት ጊዜም ከ79፣ ከ95 እና ከ34 ያርድ ርቀት አስቆጠረ። በ1955 የሙያ ተጫዋቾች ቡድን የሆነው ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ፣ ቡድኖቹ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት በመጀመሪያው ዙር መረጠው፤ በ1979 ደግሞ ስሙ በዩኒቨርሲቲ እግር ኳስ የክብር መዝገብ ገባ። በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ግን ሰዎች ስለ ሩጫው ሳይሆን ስለ ወደቀበት ቅጽበት ይጠይቁት ነበር። ሉዊስ በ2014፣ ሜግል በ2021 አረፉ።

የሜግል 265 ያርድ የኮተን ቦውል ክብረ ወሰን ሆኖ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የተሻረው በ2008፣ የሚዙሪው ቶኒ ቴምፕል 281 ያርድ በሮጠ ጊዜ ነው። በዚያ 265 ውስጥ፣ ሜግል ከወደቀበት ቦታ እስከ ግብ መስመሩ ድረስ የነበሩት፣ በእግሩ ያልረገጣቸው 40 ያርድ ገደማም ተቆጥረዋል።