በጽኑ ሕሙማን ክፍል የልብና የደም ሥር መድኃኒቶች አጠቃቀም

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሚሰጡ መድኃኒቶች ሁሉ መጠናቸው በየሰዓቱ፣ አንዳንዴም በየደቂቃው ከፍና ዝቅ የሚደረገው የልብና የደም ሥር መድኃኒቶች ናቸው። የወረደ የደም ግፊትን የሚያነሡ፣ የልብን ጡንቻ የሚያበረቱ፣ የተዛባ የልብ ምትን የሚያስተካክሉ፣ የናረ ግፊትን የሚያወርዱ፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉና በሰውነት የተጠራቀመ ፈሳሽን በሽንት የሚያስወጡ መድኃኒቶች በዚህ ምድብ ይጠቃለላሉ። ብዙዎቹ በተመላላሽ ሕክምናም የሚታወቁ ናቸው። በጽኑ በታመመ ሰው ላይ ግን መድኃኒቱን የሚቀበለው፣ የሚያሰራጨውና የሚያስወግደው አካል ራሱ ስለታመመ፣ ትናንት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ ሊያንስ ወይም ሊበዛ ይችላል።

መድኃኒቶቹ ከጽኑ ሕክምናው ይልቅ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ የዲጂታሊስን ተክል በልብ ድካም ላይ መሞከሩን በጽሑፍ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1785 ነው። ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ አድሬናሊንን ነጥሮ ያወጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሲሆን፣ ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር ደግሞ ኖርአድሬናሊን የነርቭ መልእክተኛ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1946 አሳየ። በአንጻሩ የሰመመን ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን በኮፐንሃገን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው።

የታመመ ሰውነትና መድኃኒት

ሾክ (ለአካላት በቂ ደም የማይደርስበት ሁኔታ) ውስጥ የገባ ሰው ሰውነቱ ደሙን ከአንጀትና ከቆዳ ቀንሶ ለአንጎልና ለልብ ያደላል። በዚህ ጊዜ የተዋጠ ኪኒን ሳይመጠጥ ሊቆይ፣ ከቆዳ ሥር የተወጋ መድኃኒትም እዚያው ሊዘገይ ይችላል። ደም እንዳይረጋ ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ኢኖክሳፓሪን ግፊት ማንሻ በሚወስዱ ሕሙማን ደም ውስጥ ከሚጠበቀው ባነሰ ኃይል እንደሚገኝ ታይቷል። አስቸኳይ የሆነው መድኃኒት ሁሉ በደም ሥር የሚሰጠው በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው።

መዋጥ ለማይችል ሕመምተኛ በአፍንጫ በገባ ቱቦ ኪኒን ፈጭቶ መስጠት የተለመደ ነው። ሆኖም ቀስ እያለ እንዲለቀቅ የተሠራ የግፊት መድኃኒት፣ ለምሳሌ ሜቶፕሮሎል ወይም ኒፈዲፒን፣ ሲፈጭ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ግፊቱም ይወድቃል። ደም እንዳይረጋ የሚዋጠው ዳቢጋትራንም ከነሽፋኑ ካልተዋጠ ወደ ደም የሚገባው መጠን በእጅጉ ስለሚጨምር ካፕሱሉ አይከፈትም። እንዲህ ያለውን ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ትእዛዙን ከጻፈው ሐኪም ይልቅ የመድኃኒቱን ዓይነት በእጁ አገላብጦ የሚያየው ፋርማሲስት ነው።

የኩላሊት ጉዳይ ከሁሉም የበለጠ ያደናግራል። ከዲጂታሊስ የሚገኘው ዲጎክሲን፣ የልብን ጡንቻ የሚያበረታው ሚልሪኖንና ኢኖክሳፓሪን የሚወገዱት በኩላሊት ነው፤ ለምሳሌ የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ30 ሚሊሊትር ሲያንስ ለሕክምና የሚሰጠው ኢኖክሳፓሪን በቀን ሁለት ጊዜ መሆኑ ይቀርና በኪሎ 1 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ይሆናል። ችግሩ መጠኑን የምንቀንስበት የክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ምርመራ ኩላሊቱ ከደከመ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ከፍ የሚል መሆኑ ነው። ሽንቱ ከትናንት ማታ ጀምሮ የቀነሰ ሕመምተኛ የጠዋት ክሬያቲኒኑ ደኅና ቢሆንም ኩላሊቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ግፊት ማንሻዎች

በኢንፌክሽን ሳቢያ በሚመጣ ሾክ ግፊቱን ለመመለስ መጀመሪያ የሚመረጠው ኖርአድሬናሊን ነው። ዓለም አቀፉ የሴፕሲስ (ኢንፌክሽን አካላትን የሚጎዳበት ሕመም) መመሪያ መነሻ ዒላማ አድርጎ ያስቀመጠው አማካይ ግፊት 65 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ አማካዩ የሚሰላው የታችኛውን ቁጥር በሁለት አባዝቶ ከላይኛው ጋር በመደመርና ለሦስት በማካፈል ነው። ግፊቱ 90 በ50 የሆነ ሰው አማካዩ 63 ገደማ ነው፤ ከዒላማው በጥቂቱ ያንሳል ማለት ነው። የኖርአድሬናሊኑ መጠን በኪሎ በደቂቃ ከ0.25 እስከ 0.5 ማይክሮግራም ሲደርስ ብቻውን እያሳደጉ ከመሄድ ሌላው ግፊት ማንሻ ቫሶፕሬሲን ይጨመርበታል፤ አድሬናሊን ቀጥሎ ይመጣል። ግፊት ማንሻው ከፍ ባለ መጠን ከቀጠለም ሃይድሮኮርቲዞን በቀን 200 ሚሊግራም ይታከላል።

ለብዙ ዓመታት በሰፊው ያገለገለው ዶፓሚን ቦታውን የለቀቀው በማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ የወጣ፣ 1,679 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ዶፓሚንን ከኖርአድሬናሊን ጋር ሲያነጻጽር የልብ ምት መዛባት በዶፓሚን ከመቶ 24፣ በኖርአድሬናሊን ከመቶ 12 ያህል አገኘ። የሾካቸው መነሻ ልብ በነበረው ሕሙማን መካከል ደግሞ በዶፓሚን የታከሙት በብዛት ሞቱ። ያም ሆኖ ኖርአድሬናሊን እንደልብ በማይገኝበት ሆስፒታል አድሬናሊን ወይም ዶፓሚን መጠቀም ግድ ይሆናል። አድሬናሊን ሲሰጥ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ መድኃኒቱ ራሱ ላክቴትን (በሾክ ጊዜ ደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) ከፍ ያደርጋል። የላክቴት መጨመር ሁልጊዜ የሕመሙ መባባስ ምልክት ነው ብሎ አድሬናሊኑን ደጋግሞ የሚያሳድግ ባለሙያ መድኃኒቱ ያመጣውን በመድኃኒቱ ሊያክም ይነሣል።

ከፍ ያለ ግፊት የተሻለ ነው ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የፈረንሳይ ጥናት አማካይ ግፊታቸው ከ80 እስከ 85 የተያዙት ከ65 እስከ 70 ከተያዙት በሞት አልተለዩም፤ የተለዩት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው የልብ ምት መዛባት በብዛት በመያዛቸው ነው። ቀድሞ ደም ግፊት የነበረባቸው ሰዎች ግን በከፍተኛው ዒላማ የኩላሊት እጥበት ያስፈለጋቸው ያነሱ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ 65 ለሁሉም የሚሆን ቁጥር ሳይሆን መነሻ ነው። ከሞኒተሩ ቁጥር ጎን ለጎን የሽንት መጠን፣ የንቃተ ኅሊናና የቆዳ ሁኔታ ይታያሉ። የጣትን ጫፍ ለ10 ሰኮንድ ያህል ተጭኖ ሲለቁት ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰኮንድ በላይ ከወሰደ፣ ሞኒተሩ ጥሩ ቁጥር ቢያሳይም ደሙ ወደ ዳር አልደረሰም። ላቦራቶሪም ገንዘብም የማይጠይቅ ምርመራ በመሆኑ በእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉም ቀድሞ መለመድ የሚገባው ይህ ነው።

ከመድኃኒቱ በፊት ወይም ከጎኑ የሚሰጠው ፈሳሽም እንደ መድኃኒት መታየት አለበት። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በ3,141 ሕፃናት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት ፈሳሽ በፍጥነት የተሰጣቸው ሕፃናት በ48 ሰዓት ውስጥ በብዛት መሞታቸውን አሳየ። በዛምቢያ አዋቂዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ደግሞ በፈሳሽና በግፊት ማንሻ የተደገፈ ፈጣን አሠራር የተከተሉት ከመቶ 48፣ የተለመደውን ሕክምና ያገኙት ከመቶ 33 መሞታቸውን መዘገበ። የመተንፈሻ መሣሪያ እንደልብ በሌለበት ቦታ ሳንባ ውስጥ የገባ ተጨማሪ ውኃ መመለሻ የለውም፤ ባለጸጋ አገሮች የጻፉትን መመሪያ እንዳለ መቅዳት አደጋው እዚህ ላይ ይጎላል።

የጠብታው ሒሳብ

4 ሚሊግራም ኖርአድሬናሊን በ250 ሚሊሊትር ግሉኮስ ሲበጠበጥ እያንዳንዱ ሚሊሊትር 16 ማይክሮግራም ይይዛል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ በደቂቃ 0.1 ማይክሮግራም ከታዘዘ በደቂቃ 6፣ በሰዓት 360 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል፤ ይህም በሰዓት 22.5 ሚሊሊትር ነው። ፓምፕ ካለ ቁጥሩን አስገብቶ መተው ነው። ፓምፕ ከሌለና በሚሊሊትር 20 ጠብታ የሚለቀው ተራ መስመር ብቻ ካለ በደቂቃ ሰባት ወይም ስምንት ጠብታ ይሆናል፤ አንዲት ጠብታ ስትጨመር መጠኑ ከአሥር በመቶ በላይ ያድጋል፣ ሕመምተኛው ክንዱን ሲያጥፍ ደግሞ ጠብታው ይቆማል። በሚሊሊትር 60 ጠብታ የሚለቀው የሕፃናት መስመር ቢገኝ የሰዓቱ ሚሊሊትርና የደቂቃው ጠብታ አንድ ቁጥር ስለሚሆኑ ሒሳቡም ቁጥጥሩም ይቀላል። ቀን ላይ ተራ የሚመስለው ይህ ሥራ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ነርስ አራት አልጋ ስትጠብቅ ተራ አይደለም፤ በመሆኑም ስሌቱን በራስጌ ወረቀት ላይ ጽፎ ማኖር፣ አንድ ክፍል አንድ ዓይነት አበጣበጥ ብቻ እንዲጠቀም ማድረግና ሌላ ባለሙያ እንዲያረጋግጠው ማድረግ ይመከራል።

ኖርአድሬናሊን ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሲሪንጁ አልቆ ሌላው እስኪተካ ድረስ ግፊቱ ሊወድቅ ስለሚችል አዲሱ አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ አሮጌው ሳይጨርስም ይቀየራል። በተመሳሳይ መስመር ሌላ መድኃኒት በኃይል መግፋት ደግሞ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ማንሻ በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ይልከዋል። ማዕከላዊ የደም ሥር ቱቦ እስኪገባ ሕክምናው እንዳይዘገይ በክንድ ባለ ትልቅ የደም ሥር መጀመር ይቻላል፤ ሆኖም መድኃኒቱ ወደ ሥጋ ከፈሰሰ ቆዳው ይነጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቆይቶም ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ ካኑላው (በደም ሥሩ የገባው ትንሽ ቱቦ) ወዲያው አይነቀልም፤ መስጠቱ ቆሞ የተቻለው ያህል በካኑላው ተስቦ ከወጣ በኋላ የጠበበውን ደም ሥር የሚያሰፋው ፌንቶላሚን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ተበጥብጦ በነጣው ቦታ ዙሪያ ይወጋል።

የልብ ምትና የሩማቲክ ልብ

በኢትዮጵያ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ደጋግሞ የሚያጋጥም ሕመምተኛ አለ፦ በልጅነቷ ካልታከመ የቶንሲል ሕመም በመጣ ሩማቲክ ትኩሳት በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው የሚትራል ቫልቭዋ የጠበበ፣ ዲጎክሲን፣ ሽንት የሚያስወጣውን ፍሮሴማይድና ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የምትወስድ፣ በየወሩ ፔኒሲሊን የምትወጋ ወጣት ሴት፣ አሁን በሳንባ ምች ትንፋሽ አጥሯት የመጣች። የዚህች ሴት ልብ ደም የሚሞላው በጠባብ በር በመሆኑ ጊዜ ይፈልጋል። ምቱ ሲፈጥን የመሙያው ጊዜ ያጥራል፣ ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ግፊቱ ወረደ ተብሎ አድሬናሊን ወይም የልብን ጡንቻ የሚያበረታው ዶቡታሚን ቢጀመርላት ምቱን ይበልጥ ስለሚያፈጥኑት ያባብሱባታል፤ ለእሷ የሚሻለው ምትን ብዙ የማያፈጥነው ኖርአድሬናሊን ወይም ቫሶፕሬሲን ሲሆን፣ ምቱን ማርገብ የሕክምናው እምብርት ነው።

የምትወስዳቸው መድኃኒቶችም ከአዲሶቹ ጋር ይጋጫሉ። ፍሮሴማይድ ፖታሲየምና ማግኒዥየምን ያሟጥጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲን በተለመደው መጠኑም ይመርዛል። ለሳንባ ምችዋ አንቲባዮቲኩ ክላሪትሮማይሲን ከተጨመረ ዲጎክሲኑ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ሜትሮኒዳዞል ወይም ኮትሪሞክሳዞል ከተጨመረ ዋርፋሪኑ ይበረታል። ምቱን ለማርገብ በ10 ደቂቃ 150 ሚሊግራም፣ ከዚያ በደቂቃ 1 ሚሊግራም ለ6 ሰዓት፣ ቀጥሎም በደቂቃ ግማሽ ሚሊግራም የሚሰጠው አሚዮዳሮን ሁለቱንም ያጠነክራል፤ ዲጎክሲኑ በግማሽ፣ ዋርፋሪኑ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀነሳል። ስለዚህ ለዚህች ሕመምተኛ ከማንኛውም አዲስ መድኃኒት በፊት የሚቀድመው ፖታሲየሟንና ማግኒዥየሟን መሙላት፣ ትኩሳቷን ማብረድና የደም ማቅጠኛዋን መጠን በአይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ በሚያሳየው ምርመራ) ማየት ነው።

የናረ የደም ግፊት

ግፊት ማውረድ በችኮላ የሚበላሽበት ሥራ ነው። አካል እየጎዳ ላለ የናረ ግፊት ሕጉ በመጀመሪያው ሰዓት አማካዩን ከሩብ በላይ አለማውረድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ ግፊትን የለመደ አንጎል በድንገት ወደ ደኅናው ቁጥር ሲወርድበት ደም ያጥረዋል። ኒፈዲፒን ካፕሱልን በምላስ ሥር ማንጠብ የቀረውም በዚሁ ሳቢያ ስትሮክና የልብ ጡንቻ ጉዳት በማስከተሉ ነው። ልዩ ሁኔታዎች ግን አሉ። ዋናው ደም ቅዳ (አኦርታ) ሲተረተር የላይኛው ግፊት በደቂቃዎች ውስጥ ከ120 በታች፣ ምቱ ከ60 በታች እንዲሆን ይፈለጋል፤ ምት የሚያረግበው መድኃኒት ደም ሥር ከሚያሰፋው ይቀድማል። በደም መርጋት በመጣ ስትሮክ በአንጻሩ የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት የማይሰጥ ከሆነ እስከ 220 በ120 ድረስ ግፊቱን መተው ተገቢ ነው።

ለነፍሰ ጡሮች 160 በ110 የደረሰ ግፊት አስቸኳይ ነው፤ በአገራችን በስፋት የሚሰጠው ሃይድራላዚን ነው። 5 ሚሊግራም በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ 20 ደቂቃ ሳይጠብቁ መድገም ግፊቱን ከሚፈለገው በታች ጥሎ ጽንሱን ይጎዳል። ማግኒዥየም ሰልፌት የሚሰጠው ለሚያንቀጠቅጥ ሕመም መከላከያ እንጂ ለግፊት ማውረጃ አይደለም።

የቤት መድኃኒቶችና ከክፍሉ መውጣት

ሕመምተኛው ሲገባ የትኛው የቤት መድኃኒት ይቁም፣ የትኛው ይቀጥል የሚለው ውሳኔ ከጠብታው ያነሰ ትኩረት ያገኛል። ግፊቱ በወረደበትና ኩላሊቱ በተጎዳበት ሰው ኤናላፕሪልን የመሰሉ ግፊት አውራጅ መድኃኒቶች ይቆማሉ። ሌላው ግፊት አውራጅ ክሎኒዲን ግን በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ተስፈንጥሮ ስለሚወጣ እንደ ዋዛ አይቆምም፤ በቅርቡ ስቴንት (የልብን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) የገባለት ሰውም አስፕሪኑ ያለ በቂ ምክንያት አይቋረጥም። የቆመው መድኃኒት ለምን እንደቆመና መቼ ተመልሶ እንደሚጀመር በካርዱ ላይ ካልተጻፈ፣ ወደ ዋርድ የተዛወረው ሰው የልብ ድካም መድኃኒቱን ሳይወስድ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ተቃራኒውም ይደርሳል። ለሦስት ቀን የልብ ምት መዛባት የተጀመረ አሚዮዳሮን ማንም ሳያስቆመው ከመውጫ ማዘዣው ላይ ይገኛል። መድኃኒቱ በስብ ውስጥ ተከማችቶ ለሳምንታት፣ አልፎም ለወራት ስለሚቆይ፣ ቢቆም እንኳ በዋርፋሪኑ ላይ ያለው ጫና ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። አይኤንአሩ ከወጣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያም እስኪረጋ ድረስ በየሳምንቱ መለካት ያለበት ሲሆን፣ የምርመራው ቀን ለቤተሰቡ በጽሑፍ ይሰጣል።