ተወካይ የጭነት መኪና የለውም

ባለፈው ሰሞን ከደብረ ብርሃን ወደ እነዋሪ በሚኒባስ ስሄድ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ነው ያወራው። «ያ ፓርላማ ይግባልን ብለን የመረጥነው ሰው አንድ ኩንታል ማዳበሪያ እንኳ አምጥቶልን ያውቃል?» ተሳፋሪው ሁሉ «እውነትህን ነው» እያለ ያጅበዋል። ደነባን እስክናልፍ ታገስኩ። ወረዳ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህችን ነገር ጠዋት ቢሮ በር ላይ፣ ቀን ሻይ ቤት፣ ማታ ለቅሶ ላይ ሰምቻታለሁ። እነዋሪ ስንወርድ ለሰውዬው ላስረዳው ሞከርኩ። «አንተ ደግሞ የነሱ ወገን ነህ» ብሎኝ ሄደ። እሺ፣ ልጻፈው።

ስለ ተወካይና ስለ ምክር ቤት ከሚባሉት የተሳሳቱ ወሬዎች ትንንሾቹን አስቀድሜ ላራግፍ።

«ፓርላማና ፌዴሬሽን ምክር ቤት ያው አንድ ነው።» አይደለም። ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ የክልሎች ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ይወስናል።

«የዞኑ ምክር ቤት ለምን አይወስንልንም?» ስለሌለ። ሰሜን ሸዋ ዞን አስተዳደር እንጂ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። ቀበሌ አለው፣ ወረዳ አለው፣ ክልል አለው። ዞን መሐል ላይ ያለ የክልሉ ክንድ ነው።

«አንዴ ከተመረጠ አምስት ዓመት የሚነካው የለም።» የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበት ተወካይ በሕግ መሠረት ሊነሣ እንደሚችል ይናገራል። እኔ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

«የመሬት ግብሩን አዲስ አበባ ያለው ተወካያችን ያስቀንስልን።» በሩን ስታችኋል። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የገበሬ የእርሻ ሥራ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ለክልል የተሰጠ ነው። ባሕር ዳር ነው የሚወሰነው። ለዚህ የሚጠየቀው ለክልል ምክር ቤት የመረጣችሁት ሰው ነው። ስሙን ታውቁታላችሁ? መቶ ሰው በተሰበሰበበት ጠይቄ ሁለት ሦስት ሰው ነው እጁን የሚያወጣው።

አሁን ወደ ራሴ ሕመም ልምጣ።

«ተወካያችን ማዳበሪያ ያምጣልን።»

ማዳበሪያ እንዴት እንደሚመጣ አንዴ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የምንዘራበት ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ልማት ሠራተኛው በየጎጡ ዞሮ «ስንት ኩንታል ትፈልጋለህ?» ብሎ ይመዘግባል። ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ለግብርና ሚኒስቴር ይልካል። የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ጨረታ ያወጣል። ዶላር ይፈለጋል። መርከብ ይጫናል፣ ጅቡቲ ያራግፋል። ከዚያ በከባድ መኪና ወደ ዩኒየን (የገበሬ ማኅበራት ኅብረት) መጋዘን፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከማኅበሩ በአህያ ወደ ቤት። በዚህ ሁሉ መሐል ተወካዩ የቱ ጋ አለ? የትም። መኪና የለውም። መጋዘን የለውም። በግዢው ላይ ፊርማ የለውም።

ታዲያ ምን አለው? አፍ አለው። ቀልዴን አይደለም። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች ባለሥልጣናትንም ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። የግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የሚባል አለ። ሚኒስትሩ ዕቅዱንና ሪፖርቱን ይዞ እዚያ ይቀርባል። «ጨረታው ወጥቷል ወይ? የውጭ ምንዛሬው ተመድቧል ወይ? መርከቡ መቼ ነው ጅቡቲ የሚደርሰው? ለሰሜን ሸዋ ስንት ተያዘ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እዚያ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። በጀትም ያጸድቃል። ከዓለም ባንክ ለግብርና የሚመጣው ብድር እንኳ ስምምነቱ ፓርላማ ገብቶ ነው በአዋጅ የሚጸድቀው። እጁ ላይ ያለው ይህ ነው። ኩንታል አይደለም።

እና ዋናው ነገር የወሩ ጉዳይ ነው። ገበሬው ስለ ማዳበሪያ የሚጮኸው መቼ ነው? ሰኔ። ሰኔ ላይ ግን መርከቡ ወይ መጥቷል ወይ አልመጣም። ተወካይ ቢጮኽ፣ ሚኒስትር ቢጮኽ፣ ባሕሩ አያጥርም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ይሄ ነው። በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ላይ ሰልፍ እስከመውጣት ደርሶ ነበር። አልፈርድበትም። ዘር ላይ የደረሰ ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ግን ለዚያ ሰኔ የሚሆነው ጥያቄ መነሣት የነበረበት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ጨረታና ዶላር የሚወራበት ጊዜ ያ ነው።

የአንድ ሳምንት መዘግየት ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰው እነዋሪ ያለችበትን ጅሩን ይይ። መሬቱ መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው፤ ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ ስንዴ ሲዘራ ወንድ ሴት ልጅ ሳይባል ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጅ እየዛቁ መደብና ቦይ ያወጣሉ። ጥፍር ሥር የገባው ጥቁር ጭቃ ለሳምንት አይለቅም። ዛሬ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ አለ፤ ቢሆንም በእጅ የሚያወጣው አሁንም ብዙ ነው። ያ ሥራ ሁለቴ አይሠራም። በዚያ ቀን ማዳበሪያው ከዘሩ ጋር አፈር ካልገባ፣ በሳምንቱ የመጣው ኩንታል ቤት ውስጥ መቀመጫ ነው የሚሆነው።

እዚህ ላይ ግን ተወካዮቹንም ዝም ብዬ አላልፋቸውም። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው መስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 30። መሐል ላይ የአንድ ወር እረፍት አለ። ብዙዎቹ ግን ተረጋግተው ወደ መራጩ የሚመጡት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ ስንዴው በቅሏል። ስለ ማዳበሪያ የሚወራው ሁሉ የኀዘን ወሬ ነው። ጥያቄው ሊነሣ በሚገባው በኅዳር ደግሞ ተወካዩ አራት ኪሎ፣ ገበሬው አውድማ ላይ ነው። ሁለቱ በትክክለኛው ወር አይገናኙም። ሰበቡን ሁሉ ማንም ማንም ላይ ይለጥፋል፤ ይህን የወር ችግር ግን የሚያነሣ ሰው አልገጠመኝም።

«እጅ ማውጣትና ማጨብጨብ ብቻ ነው ሥራቸው።» ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው፤ አልዋሽም። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለውን ዜና ሁላችንም ጠግበነዋል። ግን ረቂቅ አዋጅ እጅ ከመውጣቱ በፊት ለዝርዝር እይታ ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው መድረክ ከፍቶ ሰው ይጠራል። አንድ ቃል የሚለወጠው፣ አንድ አንቀጽ የሚጨመረው እዚያ ነው። እዚያ መድረክ ላይ የከተማው ጠበቃ አለ፣ የባንኩ ሰው አለ፣ ከመንዝ የመጣ ገበሬ ግን የለም። ማንም አልጠራውም፤ እሱም አልጠየቀም።

«ሕግ የከተማ ሰው ነገር ነው።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች የራሳቸውን አባቶች ታሪክ ረስተዋል። በንጉሡ ጊዜ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ገብቶ ነበር። ፓርላማው በባለመሬቶች የተሞላ ስለነበር ረቂቁ ሳይጸድቅ እዚያው ቀረ። አብዮቱ መጣ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። አያችሁ፣ የወጣው ሕግ ብቻ ሳይሆን ያልወጣውም ገበሬውን ይነካዋል።

መሬት ካነሣሁ አይቀር፣ «ደብተሩ ወረቀት ነው» የሚለውንም ልንካው። አጎቴ አንጎለላ ነው የሚኖረው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር። በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራት»፣ ማለትም የደርግ ሹም፣ ተባለና ከአራት ጥማድ በላይ የነበረው ተወሰደበት። ከዓመታት በኋላ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጠው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ይሄስ መቼ ነው የሚቀደደው?» አለ። አልስቅበትም፤ ያየውን አይቷል። ደብተሩ ግን በሕግ ላይ የቆመ ነው። የክልሉ ምክር ቤት በ1998 አዋጅ 133ን አወጣ፣ በ2009 በአዋጅ 252 ተካው። የፌዴራሉ አዋጅ 456 የ1997 ነው፤ እሱም በ2016 በአዋጅ 1324 ተተክቷል። ማዕቀፉ ከአራት ኪሎ፣ ዝርዝሩ ከባሕር ዳር። በአዲሱ አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር ይችላል። ባልና ሚስት ሁለቱም ስማቸው ደብተሩ ላይ አለ፤ የአጎቴ ሚስት ደብተሩን በፕላስቲክ ጠቅልላ ጎታ ውስጥ የምታስቀምጠው ያለምክንያት አይደለም። እሷ ገብቷታል።

ሌላም አለ። በ2015 የግብርና ምርት ውል አዋጅ፣ ቁጥር 1289፣ ወጥቷል። በባሶና ወራናና በአንጎለላና ጠራ ለቢራ ገብስ የሚያመርቱ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነበር። ጎረቤቴ ለአንድ ነጋዴ በቃል ተስማምቶ ገብሱን ጠበቀለት። ዋጋው ሲወርድ ሰውዬው ስልኩን ዘጋ። «ለምን አልተፈራረማችሁም?» ስለው «እንዴት ሰው ፊት ወረቀት አወጣለሁ፣ ነውር አይደል?» አለኝ። ነውሩ ስንት ኩንታል እንዳስከፈለው አልነግራችሁም፤ ያናድደኛል።

ለተወካይ ጥያቄ የምታቀርቡ ከሆነ፣ በእግዚአብሔር፣ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ በሩን ለዩ። የቀበሌ መንገድ፣ የጤና ኬላ ጣሪያ፣ የትምህርት ቤት ወንበር የወረዳ ነው። የመሬት ግብር እና የመሬት ሕግ ዝርዝር የክልል ነው። ማዳበሪያ ግዢ፣ ዋና አስፋልት፣ አዋጅ የፌዴራል ነው። አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ስቆጥር ከሠላሳ ያህል ጥያቄ ለፓርላማው ተወካይ የሚሆነው አራቱ ብቻ ነበር። ሌላው ሃያ ስድስቱ እሱ ማስታወሻ ላይ ሰፍሮ ቀረ። ሁለተኛ፣ ጻፉት። በቃል የተነገረ ነገር መኪናው አቧራ ሲያስነሣ አብሮ ይሄዳል። ቀን ይኑረው፣ የቀበሌ ስም ይኑረው፣ አንድ ወረቀት አንድ ጉዳይ። «ልማት ይምጣልን» ብሎ ነገር የለም። ሦስተኛ፣ በጀት የሚጸድቀው ሰኔ ነው፤ የየመሥሪያ ቤቱ ጥያቄ የሚዘጋጀው ግን በበጋው ነው። ድግሱ ከተበላ በኋላ ወጥ አይጨመርም። መልስም ጠይቁ። «አቀርባለሁ» መልስ አይደለም። ለማን፣ መቼ አቀረብክ፣ ምን ተባለ?

ይህን ሁሉ ስብከት አንድ ነሐሴ ላይ፣ እነዋሪ አካባቢ የገበሬ ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ ሰብኬያለሁ። ተወካዩ መጥቶ ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ከውስጡ የታጠፈ ደረሰኝ አወጡ። የሁለት ኩንታል ከፍለው አንድ ነው የደረሳቸው። ተወካዩ ጻፈ። ስብሰባው ሲያልቅ ጠጋ ብዬ «አባባ፣ የደረሰኙ ነገር የማኅበሩ ሒሳብ ነው፤ ወረዳ ኅብረት ሥራ ሄደው ያስመርምሩ። የማዳበሪያው መዘግየት ግን የተወካዩ ጥያቄ ነው። እሱን ኅዳር ላይ ይጻፉለት» አልኳቸው። «ኅዳርማ አውድማ ላይ ነኝ ልጄ» አሉኝ።

ግን ኅዳር ላይ የልጅ ልጃቸው መጣ። አሥረኛ ክፍል ነው። ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ይዟል። «ለጅሩ ስንዴ የሚሆነው ማዳበሪያ ሚያዝያ ሳይወጣ ቀበሌያችን መጋዘን ይግባልን። ግዢው የት ደረሰ?» ይላል። ከታች የአሥራ ዘጠኝ ሰው ስምና ፊርማ፤ ስድስቱ የጣት አሻራ። በስልክ አነሣነውና በቴሌግራም ላክነው። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ፦ «ደርሶኛል፤ ለቋሚ ኮሚቴው አቅርቤዋለሁ።» በዚያ ዓመት ማዳበሪያው ግንቦት መጀመሪያ ላይ ገባ። በወረቀቱ ነው አልልም።

የሚያዝያ ገበያ ላይ ሽማግሌውን አግኝቼ መልሱን ሳነብላቸው ግን አንገታቸውን ነቀነቁ። ትንሽ አሰቡና ጠየቁኝ።

«ይሄ ቋሚ ኮሚቴ የሚባለው ሰውዬስ መኪና አለው?»