የጌሪት ግሩፕ አባላት ዝርዝር ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሰሞኑን ስለ ጌሪት፣ ማለትም ኮድ ተገምግሞ ወደ ዋናው ስለሚገባበት ሥርዓት፣ አንዱ እንዲህ ብሎ ጽፎ አነበብኩ፦ «ኤልኤስ-ሜምበርስን (የግሩፕ አባላትን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ) በስክሪፕት አስኬድኩት፣ ሦስት ስም ወጣ፣ ስለዚህ ሰብሚት ማድረግ (የጸደቀውን ኮድ ወደ ዋናው ማስገባት) የሚችሉት ሦስት ሰዎች ናቸው።» ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። በፖርት 29418 በኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከርቀት በትእዛዝ በሚያናግሩበት መንገድ) ገብቶ ትእዛዝ መስጠቱን እንለፈው። ጉዱ የወጣውን ማንበቡ ላይ ነው።

ትእዛዙ የሚያወጣው በቀጥታ የተመዘገቡትን ነው። ጌሪት ላይ ግን ግሩፕ ውስጥ ሌላ ግሩፕ ይገባል። የእድር መዝገብ አስቡ። የተጻፈው የአባወራው ስም ነው፣ ድንኳን ሲተከል ግን ቤተሰቡ በሙሉ ይመጣል። ሦስት ስም ቆጥሮ ሦስት ወንበር የሚያወጣ የእድር ጸሐፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቤተሰቡ የሚቆጠረው «ሪከርሲቭ» የሚለውን አማራጭ ስትጨምሩ ነው።

«እሱንማ ጨምሬያለሁ» ይለኝ ይሆናል። ጎሽ! ከግሩፖቹ አንዱ ከኤልዳፕ (ከጌሪት ውጭ ካለ የድርጅት የተጠቃሚዎች ማውጫ) የመጣ ከሆነስ? ያ የጎረቤት ሰፈር እድር ነው፤ ሰዎቹ ድንኳናችን እንዲገቡ ተስማምተናል፣ መዝገባቸው ግን እነሱ ጋ ስለሆነ ጌሪት ስማቸውን አይዘረዝርላችሁም። «ሬጂስተርድ ዩዘርስ» ደግሞ ጭራሽ እድርም አይደለም፣ ሎግ ኢን ያደረገ ሁሉ ነው፣ መንገደኛውም ጭምር። (ምሳሌዬ እዚህ ጋ መንገዳገድ ጀመረች፣ ይሁን።)

ሌላም አለ። ኤልኤስ-ግሩፕስ (ግሩፖችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ) የሚያሳየው ለጠያቂው አካውንት የሚታዩትን ግሩፖች ብቻ ነው። አድሚን ያልሆነ ቦት (ስክሪፕት የሚጠቀምበት አካውንት) ያወጣው ዝርዝር አጠረ ማለት ግሩፖቹ የሉም ማለት አይደለም። ኤልኤስ-ሜምበርስም ግሩፑ ባይኖርም፣ ቢደበቅም መልሱ ያው ነው፦ አልተገኘም ወይም አይታይም። ደግሞ ስክሪፕታችሁ ውስጥ ግሩፕን በስሙ አታስሩ፤ ስም ይቀየራል፣ ዩዩአይዲው (የግሩፑ ልዩ መለያ) ግን አይነካም። በሬስት ኤፒአይ (ፕሮግራም ጌሪትን በዌብ በሚጠይቅበት መንገድ) የምትሄዱ ደግሞ ከጄሰኑ (መልሱ ከሚመጣበት የዳታ ቅርጽ) በፊት ለደህንነት ሲባል የተቀመጡትን 4 ምልክቶች ካልቆረጣችሁ መልሱን የሚያነበው ፓርሰራችሁ ይጮሃል።

ማን ሰብሚት ማድረግ ይችላል ካላችሁ፣ መነሻችሁ የፕሮጀክቱ የአክሰስ ሕግ (ለየትኛው ግሩፕ ምን እንደተፈቀደ የሚለው) ነው፣ የፕሮጀክቶች ሁሉ ወላጅ ከሆነው ከኦል-ፕሮጀክትስ የወረሰውም ሳይረሳ። ግሩፖቹን ከዚያ ይዛችሁ ነው ወደ አባላት ዝርዝር የምትመጡት። ጥያቄው ስለ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም፤ ሬስት ኤፒአዩ ላይ «ቼክ አክሰስ» የሚባል አለ፣ ፈቃዱ ካላችሁ አካውንቱን፣ ብራንቹን (የኮዱን ቅርንጫፍ) እና የፈቃዱን ዓይነት ሰጥታችሁት ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ ይመልስላችኋል።