«የት ደረሰህ?» ከማይባልባቸው ጥቂት ግቢዎች አንዱ፦ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ

እኛ አገር ማትሪክ ያለፈን ልጅ «የት ገባህ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ የለም። «የት ደረሰህ?» ነው። ጅማ ደረሰኝ፣ ሰመራ ደረሰኝ፣ ዲላ ደረሰኝ ይላል። አነጋገሩ አሠራሩን በደንብ ይገልጸዋል። ተማሪው የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል። ትምህርት ሚኒስቴር ነጥቡንና ያለውን ቦታ አይቶ ይመድበዋል። የጤና ችግር ላለባቸው፣ ለሚያጠቡ እናቶች፣ ለመንትዮች የተለየ አስተያየት አለ። ሌላው ቤቱ ቁጭ ብሎ ምደባውን ይጠብቃል።

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ወጣ ያለ ነው። እሱና አዲስ አበባ ቂሊንጦ ያለው አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው። ማለፊያ ያመጣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፈልጎ ይመዘገባል፣ ይፈተናል፣ ከተሳካለት ይገባል። ስለዚህ እዚህ ግቢ ውስጥ የምታገኙት ልጅ «ደረሰኝ» አይልም። ሁለቴ ተፈትኖ ነው የገባው።

የመጀመሪያው ፈተና ራሱ ቀላል አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአብዛኛው የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ነው። ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለማስቀረት ታስቦ የተደረገ ነው። በዚያው ዙር ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገሩ ደነገጠ። የ2016 ተፈታኞች 5.4 በመቶ፣ የ2017ቶቹ 8.4 በመቶ አለፉ። 50 በመቶ ካልሞላ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የለም፤ ለተወሰኑት ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት አለ። በነገራችን ላይ ብዙ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ምን እንደሚመስል የሚያየው በዚህ ፈተና ሰሞን ነው። ገና ሳይገባ አልጋውንም፣ የካፌውን ሰልፍም ያውቀዋል።

ግቢው ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ። ቀጥሎ የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆነ። ከዚያ አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬውን ስም ያዘ። የቆየ የአዳማ ሰው ግን አሁንም አፉ ላይ የሚመጣለት «ቴክኒክ ኮሌጁ» ነው። ከተማዋንም ናዝሬት ይላታል፤ በስንቱ ይታረማል? በፕሬዝዳንትነት መጀመሪያ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር፣ ቀጥሎም ደቡብ ኮሪያዊው ዶክተር ጃንግ ጊዩ ሊ መርተውታል። ለአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያልተለመደ ነው። አሰላ የነበሩት ቅርንጫፎቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ተነጥለው አርሲ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። አዳማ የቀረው ምህንድስናና ተግባራዊ ሳይንስ ላይ አተኮረ።

ይህንን ሳያጣራ የሚመዘገብ ልጅ አለ። ሕክምና የሚፈልግ ሰው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ምን ይሠራል? ግቢው «ጎበዝ ልጆች የሚገቡበት» መባሉ ብቻ ይስበዋል። እዚህ ያለው ሲቪል፣ አርክቴክቸር፣ ኤሌክትሪካል፣ ሶፍትዌር፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ መካኒካል፣ ኬሚካል፣ ማቴሪያል፣ ጂኦሎጂና የመሳሰለው ነው። ሐኪም መሆን ከፈለግክ ጅማን፣ ጎንደርን፣ ሐዋሳን አስብ። ይሄ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይበልጣል።

ከሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር አያልቅም። እኔ አዳማ ስለምኖር አልዳኝም። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ከትምህርቱ ይልቅ ኑሮው ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ከቤት መራቅ ስለሚፈልግ አዳማን ይመርጣል፤ የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜ እናቱ ጋ ምሳ በልቶ እሑድ መመለስ ይችላል። የአዳማ ልጅ ደግሞ በዚሁ ምክንያት ቂሊንጦን ይመርጣል። ከደጋ የመጣው የመጀመሪያ ወሩን ሙቀቱንና አቧራውን ሲያማርር ነው የሚያሳልፈው። ነፋሱም አለ። ከከተማው ዳር የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያለ ምክንያት አልተተከሉም።

ያለፈ ልጅ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ የሚይዘው ነገር የትም ግቢ አንድ ነው። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ምዝገባ በሚጀመርበት ሳምንት የከተማው ባጃጆች ኋላ መቀመጫ ላይ በማዳበሪያ የታሰረ ብርድ ልብስና ጉልበቱ ላይ ፋይል የያዘ አባት ታያላችሁ። ፋይሉን ልጁ እንዲይዘው አይፈቅድም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ተማሪው ሲመዘገብ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ይህ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሥርዓት ነው። ዕዳው ሥራ ሲያዝ ይከፈላል። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለረጅም ጊዜ 22 ብር ነበር የሚመደበው፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ አለ። በ22 ብር ሦስት ጊዜ እንዴት እንደሚበላ ለዚያ ዘመን የካፌ ተማሪ ተዉለት።

መጀመሪያ ዓመት ሁሉም ፍሬሽ ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ በጋራ ይማራል። ዲፓርትመንት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚወሰነውም በነጥብ ነው። ሶፍትዌርና ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ግፊያ አለ። እንግዲህ በየትምህርት ቤቱ አንደኛ የሚወጡ ልጆች እዚህ ተሰብስበዋል፤ አንደኛ የሚወጣው ግን አንድ ነው። ከዚህ በፊት ሁለተኛ ሆኖ የማያውቅ ልጅ አርባኛ ሲሆን ምን እንደሚሰማው አስቡት። መጨረሻ ላይ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ይጠብቃል። በመጀመሪያው ዙር በአገር ደረጃ ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ።

የጎረቤታችን ልጅ ሶፍትዌር ብሎ ነበር የገባው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሰፈር ስንገናኝ እንዴት ነው አልኩት።

«ማቴሪያል ደረሰኝ» አለኝ።