የማርቆሱ ቤተ መንግሥት፦ ስንሳሳት የኖርንባቸው ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ስላለው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ሲወራ ደጋግመው የሚነሱ ስህተቶች አሉ። እኔን የሚያሳስቡኝን ላንሳ።

«ጣሊያን የሠራው ነው»

አይደለም። ደህና ግንብ ባየን ቁጥር ለጣሊያን መስጠት ለምዶብናል። ጣሊያን ማርቆስ የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው። ቤቱን በአውሮፓ አሠራር እንደገና ያሠሩት የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ ናቸው፤ ያውም አሥር ዓመት ያህል ቀድመው፣ በ1918 ዓ.ም. ገደማ። ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው ነበር። እዚያ ያዩት ቤት በልባቸው ቢቀር አይገርምም። በኋላ ለጣሊያን ማደራቸው እውነት ነው። ቤቱ ግን ያኔ ቆሟል።

«እንግዲያው የተክለ ሃይማኖት አይደለማ!»

ይሄም ልክ አይደለም። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ ነግሠው ተክለ ሃይማኖት ሲባሉ፣ መቀመጫቸው እዚሁ ነበር። በ1893 ዓ.ም. ስላረፉ ግን የአውሮፓውን አሠራር አላዩትም። ቦታው የአባት፣ መልኩ የልጅ ነው።

«መንቆረር ሌላ ከተማ ነበር»

ያው ማርቆስ ነው። ንጉሡ ያሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የድሮውን ስም ተካው።

«የድሮ ግንብ ሲሚንቶ ቢለሰን ይድናል»

ይሄኛው ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ቤት ያፈርሳል። በጭቃ ወይም በኖራ የተካበ ግድግዳ ከመሬትም ከዝናብም እርጥበት ይስባል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ያስገባና መውጫውን ይዘጋበታል።

ሞጣ ባለው የአያቴ ቤት ደርሶብናል። ግድግዳው በጭቃ የተካበ ድንጋይ ነው። ከታች ክንድ ያህሉን በሲሚንቶ አስለሰንነው፤ አምሮበትም ነበር። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ልስኑ ሆዱን ነፋ። በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ። ስናነሳው ከኋላው ያለው ጭቃ ሊጥ ሆኗል፤ በማንኪያ ይዛቃል። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጠራን። ጋሼ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ግድግዳ ይተነፍሳል እኮ። አፉን ዘጋችሁት» አሉኝ።

ሲሚንቶውን ቀርፈን አንድ በጋ ሙሉ እንዲደርቅ ተውነው። ከዚያ ጋሼ በኖራና በአሸዋ ለሰኑት። ጣሪያው ላይም ቆርቆሮውን ወደ ውጭ አስረዘምነው፤ ጠፈጠፉ እግሩ ሥር እንዳያርፍ። ባለፈው መስከረም፣ ያ ሁሉ የሐምሌ ዶፍ ከወረደ በኋላ፣ ሄጄ በመዳፌ ዳበስኩት። ደረቅ ነው።