ጥናውን ይዞ ሮጠ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የኅዳር ሚካኤል በረከት ይደርብን። ይህን የምጽፍላችሁ በዓሉ ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ጾመ ነቢያት በገባበት ጠዋት ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን አንጥቶታል። ከግድግዳዬ ወዲያና ወዲህ የሚሰማኝ ሳል ነው። በሰፈራችን ጉንፋኑ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተዋል፣ አረጋውያን ከመኝታቸው አልተነሡም።

በበዓሉ ዕለት ያየሁት ነገር ግን ከበሽታው ይልቅ ልቤን አቆሰለው። አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ አፍና አፍንጫዋን በማስክ ሸፍና፣ ከሰዉ ራቅ ብላ በቅጽሩ ጥግ ታስቀድስ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲያልፉ አይተዋት "የሚካኤል ደጅ ቆመሽ ጉንፋን ትፈሪያለሽ? እምነትሽ ይኸው ነው?" አሏት። ምንም አልመለሰችም። አንገቷን ደፍታ ማስኩን ወደ አገጯ አወረደችው። ከሁለቱ አንዱ ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ሳል ያዘው፤ በመዳፉ አፉን አበሰና በዚያው መዳፉ ሄዶ የሰው እጅ ጨበጠ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ሰማሁ። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት በትኩሳት ወድቀው ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ የሚያቀብላቸው አጡ። ጎረቤቱ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። "በሽታው እሳቸው ቤት ገብቷል" እያለ በደጃቸው ፈጠን ብሎ ያልፍ ነበር።

አንዱ ሳያፍር ወንድሙ ፊት ላይ ያስላል፤ ሌላው ፈርቶ እናቱን በውኃ ጥም ይተዋል። ሁለቱም ግን ጧፍ አብርተው በአንድ ቅጽር የሚቆሙ ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ አሮንን ላስታውሳችሁ። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 16ን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ የሚቆመው መጨረሻው ላይ ነው። በሙሴና በአሮን ላይ ያመፁትን ቆሬን፣ ዳታንንና አቤሮንን ምድር ከዋጠቻቸው በኋላ፣ በማግሥቱ ሕዝቡ ተሰብስቦ በሙሴና በአሮን ላይ አጉረመረመ፤ የእግዚአብሔርን ሕዝብ የገደላችሁት እናንተ ናችሁ አላቸው። ይህን ሲናገሩ መቅሠፍቱ ጀመረ። ሙሴም አሮንን ጥናህን፣ ማዕጠንትህን፣ ውሰድ፣ ከመሠዊያው እሳት አድርግበት፣ ዕጣን ጨምርበት፣ ወደ ማኅበሩም ፈጥነህ ሂድ አለው። አሮንም ወደ ጉባኤው መካከል ሮጠ። "በሙታንና በሕያዋን መካከል ቆመ፤ መቅሠፍቱም ተከለከለ።"

እስኪ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አሮን በፈርዖን ፊት ሲቆም የ83 ዓመት ሰው ነበር፤ ይህ ሲሆን ዕድሜው ከዚያም አልፏል። ሽማግሌ ነው፣ ሊቀ ካህናት ነው፣ ልብሱ ረጅም ነው፤ ግን ሮጠ። ለማን ሮጠ? ከጥቂት ጊዜ በፊት ነፍሰ ገዳይ ላሉት ሰዎች። "ዛሬ ጠዋት የሰደቡኝ ይሙቱ፣ የእጃቸውን ነው ያገኙት" አላለም። ጎረቤትህ በድንበር አጥር ከስሶህ ይሆናል፤ ጎረቤትሽ በዕድሩ ስብሰባ ስምሽን አንሥታ ይሆናል። ሲታመሙ የምትሮጡት ለእነዚያ ነው።

ደግሞ የቆመበትን ቦታ ተመልከቱ። ከሞቱት ጋር አልተኛም፤ ከድንኳኑ በስተ ኋላም አልተሸሸገም። መካከል ላይ ቆመ። በገዛ ሰውነቱ ድንበር ሆነ፤ ሞት እስከዚህ ድረስ መጣ፣ ከዚህ ግን አያልፍም ማለት ነው። መጽሐፍ እንደሚለን 14,700 ሰው ሞቶ ነበር፤ ሌላው ግን ተረፈ።

ወንድሜ ሆይ፣ ትኩሳት ይዞህ ቤትህ የተኛህ ዕለት አንተም መካከል ላይ ቆመሃል። በሽታው ከማን እንደ መጣብህ አታውቅም፤ ወደ ማን እንዳይሄድ ግን ልታደርገው የምትችለው ነገር አለ። "በእኔ ይብቃ" ብለህ ከጽዋ ማኅበሩ ስትቀር፣ ከገበያው ስትቀር፣ ይህ ስንፍና መስሎ ይታይህ ይሆናል። አይደለም። የአሮን ቦታ ነው።

በኅዳር ይህን ንባብ አንሥቼ አያቶቻችንን ሳላስብ አላልፍም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር "የኅዳር በሽታ" ያልነው ወረርሽኝ በሀገራችን ገብቶ ነበር። ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይነገራል። ራስ ተፈሪም ታመው ነበር፤ እግዚአብሔር አተረፋቸው። ከዚያ ወዲህ ነው ኅዳር 12 ቀን ቤቱና ደጁ ተጠርጎ፣ ቆሻሻው ተሰብስቦ የሚቃጠለው፤ "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው። አባቶቻችን ጸለዩም፣ ጠረጉም። ዘንድሮ ግን በሰፈራችን የታጠነው ፌስታልና አሮጌ ጎማ ነው። ያ ጥቁር ጭስ አስም ያለበትን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለው አልነበረም? እባካችሁ፣ ይህን ዕጣን አንበለው። ጥረጉ፣ ቅበሩ፣ አሰባስባችሁ ለሚያነሣው ስጡ፤ በታመመ ሰው መስኮት ሥር ግን ፕላስቲክ አታንድዱ።

ይህች ከተማችን ራሷ ቸነፈርን ታውቃለች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም. የነገሡት) በደብረ ብርሃን ሳሉ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው እንዳለቀ፣ ንጉሡም የሕፃኑን የቅዱስ ቂርቆስን ቃል ኪዳን ታምነው በስሙ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ዜና መዋዕላቸው ይነግረናል። በአማላጅነቱ መታመን ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ ማንም እንዲነጥቀን አንፈቅድም። ነገር ግን እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ጋን ፊት ያጽናናትን ሕፃን እየጠራን፣ የሌላ እናት ሕፃን ላይ እንዴት እናስላለን?

"ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል የሚለውን የዳዊት መዝሙር እየደገምሁ ምን ያገኘኛል?" ያለኝ አለ። መዝሙሩን እኔም ጠዋት ማታ እደግመዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ሰይጣን ጌታችንን ከመቅደሱ ጫፍ አቁሞ "ራስህን ወደ ታች ወርውር" ሲለው የጠቀሰለት ይህንኑ መዝሙር ነው፤ መላእክቱን ስለ አንተ ያዛል የሚለውን። ጌታችን መዝሙሩ ሐሰት ነው አላለውም። "ጌታ አምላክህን አትፈታተነው ተብሎ ደግሞ ተጽፎአል" አለው። ጌታችን ከፍታው ላይ ቆሞ ሳለ አልዘለለም፤ እኛ ግን እንዘላለን፣ ከእኛም ጋር ደካማውን ይዘን እንወድቃለን።

ያቺን ማስክ ያደረገች እናት እምነት የላትም ላላችሁ ሰዎች ደግሞ ይህን እጠይቃለሁ። ሥጋውን በልተን ደሙን ጠጥተን ስንወጣ አፋችንን በነጠላችን የምንሸፍነው ለምንድን ነው? ከአፋችን አንዳች ነገር እንዳይወጣ፣ ለተቀበልነው ክብር ብለን አይደለምን? ሐዋርያው እናንተ የክርስቶስ አካል ናችሁ ሲለን፣ አጠገባችን የቆመው ምእመንም የእርሱ ብልት ነው። ለጌታችን ሥጋ ክብር የተሸፈነ አፍ ለብልቱ ጤና ቢሸፈን ምን ያሳፍራል? በቅዳሴውስ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ"፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲል ምን እናደርጋለን? ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎንበስ ብለን እጅ እንነሣለን፤ ማንም ማንንም አይነካም፣ ሰላምታው ግን ሙሉ ነው። በዚህ ሰሞን መንገድ ላይ ስንገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳሙን ትተን እንዲሁ እጅ ብንነሣሣ ከሥርዓታችን ወጣን አይባልም።

ሌሎችን ብቻ እየገሠጽሁ ብቀጥል ሐሰተኛ እሆናለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሰንበቴ እንዳስተምር ተጠርቼ ነበር። ከሌሊቱ ጀምሮ ትኩሳት ነበረኝ፤ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር። "ቃሉን ከማስቀር ብሞት ይሻለኛል" ብዬ ሄድሁ። ጠባብ ቤት ነው፣ መስኮቱ በብርድ ምክንያት ተዘግቷል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እያሳልሁ አስተማርሁ። ጠላውን በአንድ ዋንጫ ተቀባበልን። በሳምንቱ ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ታመሙ፤ የሳምባ ምች ሆነባቸው፤ ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። ከእኔ ይሁን ከሌላ ያዛቸው እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ግን ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ። ያን ቀን ያስተማርሁት ስለ ፍቅር ነበር።

ስለዚህ የማውቀውን ግልጽ አድርጌ ልንገራችሁ። የጤና ባለሙያዎች እንደሚያስተምሩን ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ምልክቱ ከመታየቱ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከታመመም በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ድረስ ለሌላ ያስተላልፋል። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ለቅቆ አንድ ሙሉ ቀን ሳያልፍ ከሰው መካከል አትግቡ። ስታስሉ በክንዳችሁ መታጠፊያ ወይም በነጠላችሁ፤ እጃችሁን በሳሙና። ብርድ ቢሆንም በቀን ጥቂት ጊዜ መስኮትና በር ክፈቱ፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ደግሞ ከጉንፋኑ በፊት ይገድላል። ባናውንና ብርድ ልብሱን ፀሐይ አስመቱት። ዝንጅብሉም ዳማከሴውም ይጠጣ፤ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የሚገዛ አንቲባዮቲክ ግን የጉንፋንን ቫይረስ አይነካውም። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አስምና ስኳር ያለባቸው ቶሎ ይጎዳሉ። ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደረት ሲወጋ፣ ከንፈር ሲጠቁር፣ ሰው ሲቃዥ ወይም ሕፃን አልጠባም ሲል ጠበል ቤትም ጎረቤትም ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ጠበሉ አይቀርም፤ ሲራክም ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። ደግሞም ጾሙ ገባ ብላችሁ ሕመማችሁን የምትደብቁ እናቶች አላችሁ፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ ሥርዓታችን ሕሙምን አያስጨንቅም።

ለቅሶ ቤት ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ያልደረሰ ሰው በእኛ ሀገር ይታዘንበታል። ቢሆንም ዕድሮቻችን የድንኳኑን ጎን ከፍተው፣ ሰውን ተራ በተራ አድርገው፣ ታማሚውን በስልክ አጽናና ቢሉት ሐዘንተኛው አይቀየምም። በ2012 ዓ.ም. ሕማማቱንና ትንሣኤውን ቤታችን ሆነን እያለቀስን አሳልፈን የለ? እግዚአብሔር ያን ጊዜ ከቤታችን አልራቀም።

አሁን ወደ እነዚያ ሁለት ቀን ውኃ ወዳጡት እናት ልመለስ። ጌታችን "ታምሜ ጠይቃችሁኛል" ያለውን ቃል አስቡት። በእኛ ቋንቋ መጠየቅ ማለት ሁለት ነገር ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጁን ይዞ ቡና እስኪፈላ መቆየት ብቻ አይደለም። ጠየቅኋቸው ማለት፣ ውኃ አለዎት ወይ፣ እንጨት አለ ወይ፣ የልጅዎን ስልክ ልደውልልዎት ወይ ብሎ መጠየቅም ነው። ይኸኛው ጥያቄ ከደጅ ይጠየቃል። በሽታ ፈርቶ አለመግባት ኃጢአት አይደለም፤ አለመጠየቅ ግን በዚያ ቀን በግራ ያቆማል።

ትናንት ማታ አምስት ቤት ተስማምተናል። አንዱ ውኃውን፣ አንዱ አጥሚቱን፣ አንዱ እንጨቱን ይዞ በየተራው ይሄዳል። ደጃቸው ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ በሩን መታ መታ አድርጎ፣ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይጠብቃል። ዛሬ ጠዋት የእኔ ተራ ነበር። በሩ በጥቂቱ ተከፈተ፤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ሸፍነውት ነበር። ማሰሮውን አነሡና "ልጄ፣ አትቅረበኝ፣ እንዳይዝህ፤ እዚያው ሆነህ ተመረቅ" አሉኝ። ራሴን ዝቅ አድርጌ ውርጩ ላይ ቆምሁ። ምርቃቱን እስኪጨርሱ ሁለት ጊዜ ሳል አቋረጣቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ነገ የማን ተራ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ማሰሮውን በክዳኑ አምጡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።